ዒላማና ልክ
በቢቸናና በሞጣ ስለ ተኩስ ትምህርትና ራስን ስለ መከላከል የቀረበ ንግግር



በቢቸናና በሞጣ አገር በዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በጥብቅና የሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። በነፍስ ግድያ ተከስሶ ከችሎት የሚቆመው ገበሬ ብዙ ጊዜ ተኩስ የማያውቅ ሰው አይደለም። እጁ የጸና፣ ዓይኑ የቀና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠመንጃ ሲወለውል ያደገ ሰው ነው። ዒላማውን አልሳተም፤ የሳተው የሕጉን ልክ ነው። ይህ ንግግር የሚያቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ይኸውም አነጣጥሮ መተኮስን የሚያስተምር ሁሉ ራስን የመከላከልን ልክ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜዳ ማስተማር ይገባዋል የሚል ነው። እስከ ዛሬ አንዱ ለአባት፣ ሌላው ለዳኛ ተትቶ ኖሯል፤ ዳኛው ግን ትምህርቱን የሚጀምረው ጥይቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ከቀድሞው ትምህርት መነሣት ይሻላል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ ባለው አገር ጠመንጃ የርስት መጠበቂያ፣ የሙሽራ ማጀቢያ፣ የሟች መሸኛ ሆኖ ኖሯል። ልጅ በመጀመሪያ የሚማረው መተኮስን ሳይሆን መወልወልን ነበር። የአባቱን ጠመንጃ በጨርቅና በቅባት እየወለወለ፣ አፈሙዙን ከሰው እያራቀ መያዝን ይለምዳል። ቀጥሎ ጥይት ሳይጎርስ ማነጣጠርን ይማራል፤ ሰደፉን ከትከሻው አጥብቆ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ከገደሉ ማዶ ካለ ነጭ ድንጋይ ላይ ዓይኑን ይተክላል። ጥይት የሚሰጠው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሚሰጠውም አንድ ነው።

በዚህ ትምህርት ትልቁ መምህር የጥይት ማነስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውጅግራ የሚባለው መሣሪያ በፈረንሳይ አገር በ1874 እ.ኤ.አ. የጦር ሠራዊት መሣሪያ የሆነው የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ምንሽርም ቢሆን አምስት ጎራሽ ነው። አንድ ጥይት የያዘ ሰው ከሳተ ሌላ የለውም፤ ቢኖረውም ደግሞ እስኪያጎርስ ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጥይቱም ከእህሉ ተቀንሶ የተገዛ ነው። ስለዚህ ሳያስብ ቃታ አይስብም። መቸም የአባቶችን ጨዋነት ለማሳነስ ሳይሆን እውነቱን ለመናገር፣ ከትዕግሥታቸው የተወሰነውን ያስተማራቸው ኪሳቸው ነበር። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኪስ ያስተማረው ትዕግሥት ጥይት በበዛ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመንም ይኸው ቁጠባ ቀጥሏል። ጣሊያን የጎጃምን ሕዝብ ትጥቅ ለማስፈታት መሞከሩ በ1930 ዓ.ም. ለተነሣው ዐመፅ አንዱ ምክንያት ሆኗል። በላይ ዘለቀንና ኃይሉ በለውን የመሳሰሉ አርበኞች መሣሪያና ጥይት ከሚያገኙባቸው መንገዶች ዋነኛው ከጠላት መማረክ ነበርና በከንቱ የሚባክን ጥይት አልነበራቸውም። ከድል በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። የቢቸናው ጀግና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በዚያው በቢቸና ገዥ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። የፍርዱን ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች መተው ይቻላል። ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው በአገሩ ሰው ልብ ያስቀረው ነገር ነው። ትናንት የተመሰገነበት ጠመንጃ ነገ ሊያስቀጣ እንደሚችል ገበሬው በዓይኑ አየ፤ ካየም በኋላ ጠመንጃውን አጥብቆ ይዞ ሕጉን መጠራጠር ጀመረ።

ይህ ጥርጣሬ በ1960 ዓ.ም. በግልጽ ወጣ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በታወጀ ጊዜ በግንባር ቀደምትነት ከተነሡት መካከል የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ነበሩ። አዋጁ ርስታቸውን የሚነካ መስሏቸዋል። ነገር ግን ቅሬታቸው በግብር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ጠመንጃ እየተከፈለበት እንዲመዘገብ መታዘዙ ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር፤ ገበሬው ምዝገባውን የትጥቅ ማስፈታት መቅድም አድርጎ ተመለከተው። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ዛሬ በዚያ አገር ስለ መሣሪያ ሊያስተምር የሚነሣ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢሄድ፣ መዝገብ ይዞ የመጣ ጸሐፊ እንጂ አስተማሪ መስሎ አይታይም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ፈቃዱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መዝጋቢውና አስተማሪው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ሲቆጥር ሌላው ሊደመጥ አይችልምና።

መሣሪያው ራሱ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣቱን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በፈረሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ መሣሪያ በየገጠሩ ገባ። ክላሽንኮቭ በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ በፍጥነቱም በደቂቃ እስከ 600 ለመተኮስ የሚችል ነው። ከውጅግራው ጋር ሲነጻጸር በመካከሉ ያለው የጥይት ቁጥር ልዩነት ብቻ አይደለም። በአንዱና በሁለተኛው ጥይት መካከል የነበረው የማሰቢያ ጊዜ ጠፍቷል።

የወታደር ቤት ትምህርትም ለዚህ መድኃኒት አልሆነም፤ ሊሆንም አይችልም። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት ካስጀመሩት የጦር ትምህርት ቤት ወዲህ ዘመናዊ የተኩስ ትምህርት በኢትዮጵያ በሥርዓት ሲሰጥ ኖሯል። ወታደር አሠላለፍን፣ አነጣጠርን፣ የመሣሪያ አያያዝን ይማራል። መቼ እንደሚተኮስ የሚያዘው ግን አዛዡ ነው። የቤት ባለቤት አዛዥ የለውም። ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ውሻው ሲጮህ፣ አጥሩ ሲንኮሻኮሽ፣ ተከሳሽ ሊሆን የሚችለውም፣ ትእዛዝ ሰጪውም፣ ተኳሹም እርሱ ብቻ ነው። ከጦር ሰፈር የተመለሰ ወጣት እጁ ተምሮ ይመጣል፤ ብቻውን የመወሰንን ትምህርት ግን ማንም አላስተማረውም።

እዚህ ላይ ስለ ሽጉጥ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በገጠሩ ሽጉጥ ከጠመንጃ የቀለለ መሣሪያ ተደርጎ ይታያል፤ ትንሽ ስለሆነ ለመማርም ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ማካሮቭ በሚባለው ሽጉጥ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት 13 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ተኳሹ ሁለቱን ሲያስተካክል በ1 ሚሊሜትር ቢሳሳት፣ ጥይቱ በ13 ሜትር ርቀት ላይ በ10 ሳንቲሜትር፣ በ26 ሜትር ላይ በ20 ሳንቲሜትር ይስታል። በክላሽንኮቭ ያው ርቀት 38 ሳንቲሜትር ያህል በመሆኑ፣ ያው የ1 ሚሊሜትር ስሕተት በ13 ሜትር የሚያስተው በ3 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሽጉጥ ሰደፍም የለውም፤ የሚይዘው እጅ እንጂ ትከሻ አይደለም። በዚህ ላይ ማካሮቭ መዶሻው ሳይነሣ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ቃታው ከባድ ስለሆነ፣ ያልለመደ ሰው ሲስበው አፈሙዙ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይዛነፋል።

ስለዚህ ለተማሪ መጀመሪያ የሚነገረው፣ ሽጉጥ በጣም ቅርብ ለሆነ አደጋ ብቻ የሚያገለግል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ግን ከዒላማው ይልቅ ዙሪያውን የሚያሰጋ መሣሪያ መሆኑ ነው። ልምምዱ በባዶ ሽጉጥ ይጀመራል። ቃታው ላይ የጣቱ ጫፍ ብቻ ያርፋል፤ ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይስባል፤ ዓይኑ ከዒላማው ይልቅ በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ያተኩራል። አንድ ሳንቲም በሽጉጡ አናት ላይ አስቀምጦ ሳይወድቅ ቃታውን ለመሳብ መሞከር የታወቀ መለማመጃ ነው። የድሮው አባት ጥይት ሳያጎርስ ማለማመዱ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ያደረገው ጥይት ለመቆጠብ መሆኑ ብቻ ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአሪዞና የሽጉጥ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ጄፍ ኩፐር የተባሉ መኮንን ያስተማሯቸው አራት ደንቦች ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። መሣሪያ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አይዙር፤ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ከቃታ አይግባ፤ ዒላማውና ከዒላማው በስተኋላ ያለው ምን እንደሆነ ይታወቅ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከቢቸና ሽማግሌ የሚማር እንጂ የሚያስተምር አይገኝም። አራተኛው ግን በአገሩ ትምህርት ቦታ አላገኘም። የገጠር ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው፤ የዘመኑ ጥይት ያልፈዋል፤ ከግድግዳው በስተኋላ የጎረቤት ልጆች ተኝተዋል። ለሰርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ጥይት ከሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል።

ወደ ሕጉ ሲመጣ፣ ራስን መከላከል በኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 74 እና 75 ደንግጎት ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 እና 79 ያንኑ ይዞ ቀጥሏል። አንቀጽ 78 በአጭሩ የሚለው፣ በሕግ የተጠበቀ መብት ላይ በሕገ ወጥ መንገድ የሚፈጸምን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ጥቃት ለመከላከል የተደረገ ድርጊት፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉም ከአደጋው፣ ከጥቃቱ ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመዛዘነ ከሆነ አያስቀጣም ነው። ልኩ ካለፈ በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ይቀንሳል፤ ያለፈውም በጥቃቱ ምክንያት በደረሰ ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት፣ ድንገተኝነት ወይም መታወክ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣትን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። ከመከላከል ልክ አልፎ ሰውን ሆን ብሎ የገደለ በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ሲቀጣ፣ መከላከል በሌለበት በተራ ግድያ የተፈረደበት ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይህን ልዩነት ለገበሬው አስቀድሞ የነገረው ሰው ካለ በጣም ጥቂት ነው።

ሕጉን በቃል ማስጠናት ግን አይበቃም። ተማሪው ከዒላማው ፊት ቆሞ ነገሩን በምሳሌ ሊያየው ይገባል። በሬውን ፈትቶ የሚነዳ ሌባ በሩን ሰብሮ ከሚገባ ሰው ጋር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚወስደው ንብረት ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ከኋላው የተመታ እንደሆነ፣ የበሬ ዋጋ ከሰው ነፍስ ጋር ስለማይመዛዘን ባለ በሬው ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል። በሬ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ፣ በሐምሌ በሬ ያጣ ቤት እንዴት እንደሚከርም ለሚያውቅ ሰው ይህ ሕግ መራራ ነው። መራራነቱን ሸፋፍኖ የሚያስተምር ተሰሚነት አያገኝም። ሁለተኛው ግን ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ሕፃናት ወዳሉበት ይገባል። በኦሪት ዘጸአት 22 ላይ በሌሊት ሲሰብር ተይዞ በተመታ ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በተመታው መካከል ልዩነት ተደርጓል፤ ለመጀመሪያው ደም የለበትም፣ ለሁለተኛው ግን አለበት። በዲማ ጊዮርጊስ ጥላ ሥር ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝለትም። ሐሳቡ ጨለማው ለማወቅ አለመቻልን ስለሚያመጣ ነው ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ለማየት የቻለ ግን ላየው ነገር ተጠያቂ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የደም ነገር ነው። በሁለት ቤተ ዘመድ መካከል ደም ካለ፣ ሟች የወጣበት ወገን በቀል ይጠበቅበታል፤ ገዳይ የወጣበት ወገንም ይህን ስለሚያውቅ ወደ ገበያም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ታጥቆ ይሄዳል። አንዱ እጁን ወደ ወገቡ ቢልክ፣ ሌላው ‹‹ሊቀድመኝ ነው›› ብሎ ይተኩሳል። ከዚያም በችሎት ሲጠየቅ ‹‹ራሴን ተከላከልሁ›› ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ እንደዚያ አምኗል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የተቃረበ ጥቃት ነው፤ ለዓመታት የቆየ ሥጋት የተቃረበ ጥቃት አይባልም። የቆየ ሥጋትን በሌላ መንገድ ለማስቀረት ጊዜ አለ፤ ሌላውም መንገድ በዚያው አገር የታወቀ ነው። ሽማግሌና መነኩሴ መካከል ገብተው፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ደም የሚደርቅበት የእርቅ ሥርዓት ከማንኛውም ሽጉጥ የበለጠ ሰው አድኗል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደም ያለበት ሰው ተኩስ ሊማር ቢመጣ፣ ጥሩ አስተማሪ ሽጉጥ ከማስያዙ በፊት ‹‹ሽማግሌ ልከሃል ወይ?›› ብሎ ይጠይቀዋል። ከበቀል በኋላ ራስን መከላከል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ጥቃቱ አስቀድሞ ማለፉን ያውቃል፤ ደንበኛው ግን ቢያውቀው ኖሮ ከዚያ ባልደረሰ ነበር።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ በእነዚህ አውራጃዎች ስለ መሣሪያ መናገር ይበልጥ ከባድ ሆኗል። የጦርነት ሕግ ሌላ ነው፤ እዚህ የሚነገረው ስለ አንድ ቤት ባለቤትና ስለ ደጃፉ ነው። ሆኖም ግጭት በበዛ ጊዜ የቤቱም ተኩስ እንደሚበዛ፣ ዳኛም ፖሊስም በሩቅ ሲሆኑ ሰው በራሱ እጅ እንደሚፈርድ ማንም አይስተውም።

ትምህርቱ በተግባር ምን ይመስል ይሆን ቢባል፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ወይም ገደል ያለው ሜዳ፣ የተሣለ ወረቀት፣ አንድ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ወይም የጦር አስተማሪ፣ ከእርሱም ጎን አንድ የሕግ ሰው ይበቃል። ዒላማው ክብና ነጥብ ብቻ ሊሆን አይገባውም። በአንዳንዱ ወረቀት ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ በሌላው ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ፣ በሌላው ባዶ እጁን ያነሣ፣ በሌላውም ችቦ የያዘ የጎረቤት ሴት ይሣላል። ወረቀቱ በድንገት ይገለጣል፤ ተማሪው በሦስት ሰከንድ ውስጥ መተኮስ ወይም አለመተኮስን ይመርጣል፤ ቀጥሎ ለሕግ ሰው ለምን እንደመረጠ ይናገራል። በዚህ ፈተና ነጥብ የሚሰጠው መሐሉን ለመታ ብቻ አይደለም፤ ሊመታ ሲችል ሽጉጡን ዝቅ ላደረገውም ነው። ሦስት ሰከንድ አጭር ነው የሚል ቢኖር፣ በሌሊት ያን ያህል እንኳ ላይገኝ ይችላል ተብሎ ይመለስለታል።

ከሜዳው በኋላ የሚቀረው የቤት ትምህርት ነው። ካዝናው ከሽጉጡ ተለይቶ፣ ሽጉጡም በተቆለፈ ሣጥን መቀመጥ ይኖርበታል፤ ቁልፉን የሚይዙት ባልና ሚስት መሆናቸው ይነገራል። ሚስት ይህን ትምህርት አብራ ትማር ወይስ አትማር የሚለው ክርክር ያስነሣ ይሆናል። ባል ከቤት በሌለበት ሌሊት ውሻው ሲጮህ ከበሩ ፊት የምትቆመው እርሷ ናት።